ልጃችሁ «ማግቤር ሜኖሮት ግዙልኝ» ሲል፦ ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከሱኮት በዓል በኋላ አንድ የጋን ያቭኔ አባት ወደ እኛ መጥተው ነበር። በአሽዶድ አካባቢ በፈረቃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። የ17 ዓመት ልጃቸው ጊታር ይጫወታል። ብዙ ወራት ከለመናቸው በኋላ ከአንድ ግለሰብ ያድ ሽኒያ የሆነ የጊታር ማጉያ ገዙለት። ሻጩ «ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ኦሪጅናል ነው» ብሏቸው ነበር። ልጁ ቤት አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰካው። ጥቂት ሳይቆይ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ መብራቱም ጠፋ። ቴክናይ ዘንድ ሲወስዱት ዕቃው ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑ ተነገራቸው። የእኛ አገር መብራት ደግሞ 230 ቮልት ነው። የማሠሪያው ዋጋ ከመግዣው ዋጋ ብዙም የማይርቅ ሆነ፣ ሻጩም ስልኩን ማንሳት ተወ።

«ገንዘቡስ ይሁን» አሉን። «ያሳዘነኝ ልጁ ‘አባዬ፣ አንተ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም’ ማለቱ ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው። ከክርያት መላኪ፣ ከገደራ፣ ከያቭኔና ከጋን ያቭኔ ወላጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰናል። ልጅ ሙዚቃ ሲወድ ደስ ይላል። ነገር ግን ዕቃው ውድ ነው፣ ቃላቱ እንግዳ ናቸው፣ ሱቅ ውስጥ የሚያስረዳውም ሰው በዕብራይስጥ በፍጥነት ይናገራል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ መሐንዲስ አትሆኑም። ግን ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ድምፁ ትንሽ ነው። ከክሮቹ ሥር ማግኔትና ቀጭን የተጠመጠመ ሽቦ አለ። ክሩ ሲንቀጠቀጥ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወጣል። ያንን ደካማ ምልክት አጉልቶ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው ዕቃ አምፕሊፋየር ይባላል፣ በዕብራይስጥ ማግቤር። ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው በትራንዚስተር ወይም በዲጂታል የሚሠራው ነው። ሁለተኛው በቫልቭ የሚሠራው ሲሆን ልጆቹ «ማግቤር ሜኖሮት» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ዕቃ ሳያውቁት ያውቁታል። ድሮ በከተማ ቡና ቤቶችና በሹማምንት ቤት የነበረው ትልቁ የእንጨት ራዲዮ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም ነበር፤ እስኪሞቅ ይጠበቃል። ከጀርባው ቢያዩት የሚበሩ የብርጭቆ ዕቃዎች ነበሩት። እነዚያ ቫልቮች ናቸው። ኋላ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራው፣ በገጠር እረኛ ሳይቀር አንግቷት የሚሄደው ትንሿ ራዲዮ መጣች፤ እሷ ትራንዚስተር ነች። ትራንዚስተር በአሜሪካ የተፈለሰፈው በ1947 ነው። ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ቫልቭን ከሞላ ጎደል ከገበያ አስወጣው። ከጊታር ግን ሊያስወጣው አልቻለም።

ቫልቭ አሠራሩ እንደ መስኖ በር ነው። አየሩ በተመጠጠ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ሽቦ ይግላል። ከሙቀቱ የተነሣ ኤሌክትሮኖች ወጥተው ወደ ብረት ሰሌዳ ይሮጣሉ፤ ይህ እንደ ትልቁ የወንዝ ውኃ ነው። በመካከላቸው እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ አለ፤ እሱ በሩ ነው። ከጊታሩ የመጣው ደካማ ምልክት በሩን ትንሽ ከፈት ዘጋ ሲያደርገው ትልቁ ውኃ በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ትንሽ እጅ ትልቅ ውኃ ታዛለች ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ውዱን ይፈልጋሉ?

ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም። ቀስ ብሎ ያለዝበዋል፣ ያሻክረዋል፣ ያረዝመዋል። ጊታረኛው አንድ ክር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ከመሞት ይልቅ እንደ ማሲንቆ ይጎተታል። ጣቱን ለስለስ ሲያደርግ ድምፁ ይጠራል፣ ጠንከር ሲያደርግ ይጮኻል። በተራ ትራንዚስተር ላይ ይህ መሸጋገሪያ ብዙ ጊዜ ድንገተኛና ጠርዙ የሾለ ነው። ለአጃቢ ጊታር ልዩነቱ ያን ያህል አያስቸግርም። ዜማውን ለሚመራው፣ ሊድ ጊታር ለሚባለው ግን ብዙ ይለውጣል። የሊድ ጊታር ሥራ የዘፋኝ ሥራ ነው፤ ድምፁ መናገር አለበት።

ይህ ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረውን አይቤክስ ባንድን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሊድ ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ ይጫወቱ ነበር። በ1975 የወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው ይኸው ባንድ ነው። በ1976 ደግሞ በዚያው በራስ ሆቴል ዘፈን የሌለበት የመሣሪያ ሙዚቃ ቀረጹ። ኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ ብዙ ዘፋኞችን ያጀበው ቡድን ከዚሁ የወጣ ነው። በእነዚያ ካሴቶች ላይ ጊታሩ ክራር ሲመስል፣ ሲያንጎራጉርም ሰምታችኋል። ልጃችሁ የሚፈልገው ያንን ነው፤ ስሙን ባያውቀውም እንኳ።

በሱቅ የምትሰሟቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። ፌንደር በ1946 በካሊፎርኒያ የተመሠረተ ነው፤ ድምፁ በአብዛኛው የጠራና ሰፊ ነው። ማርሻል በ1962 በለንደን ጀመረ፤ በመካከለኛው ድምፅ የበረታና ሻካራ ነው። ቮክስም የእንግሊዝ ነው፤ ብሩህና የሚያስተጋባ ድምፅ አለው። ቫልቮቹም ስም አላቸው። ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ «12 ኤ ኤክስ 7» ይባላሉ፤ ምልክቱን መጀመሪያ የሚያጎሉት እነሱ ናቸው። ትልልቆቹ «ኢ ኤል 84»፣ «ኢ ኤል 34»፣ «6 ቪ 6» እና «6 ኤል 6» ይባላሉ፤ ኃይሉን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ይህን በቃል መያዝ አያስፈልግም። ነገር ግን ሻጩን «በውስጡ የትኞቹ ቫልቮች ናቸው? መቼስ ተቀየሩ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ሻጭ ወዲያው ይመልሳል።

ስንት ዋት ይበቃል?

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ትልቅ ከገዛሁለት ሌላ አያስፈልገውም» ይላሉ። ዋትና ጩኸት ግን አብረው እኩል አያድጉም። ከ15 ዋት ወደ 30 ዋት ስትሄዱ ጩኸቱ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ጥቂት ብቻ ይለየዋል። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ 10 ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። ስለዚህ ለ30 ዋት የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ጩኸት አይገዛላችሁም፤ ክብደት ግን ይገዛላችኋል።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። የቫልቭ ጥሩ ድምፅ የሚወጣው ማጉያው ሲገፋ ነው። 50 ዋት ያለው ማጉያ በሺኩን ቤት ውስጥ መቼም አይገፋም፤ ከመገፋቱ በፊት ጎረቤት በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ ልጁ ውድ ዕቃ ይዞ የሚወደውን ድምፅ ሳያገኝ ይቀራል። በእኛ አስተያየት፦

ለቤት ብቻ ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዋት ይበቃል። 5 ዋቱ እንኳ በአንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከሚታገሡት በላይ ነው።

ከበሮ ካለበት ባንድ ጋር የሚለማመድ ከሆነ 15 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። ፌንደር ብሉዝ ጁኒየርና ቮክስ ኤ ሲ 15 በዚህ መጠን የታወቁ ናቸው።

በሠርግና በአዳራሽ ቢጫወትም ማይክሮፎን ከፊቱ ይደረጋል፤ አዳራሹን የሚሞላው የአዳራሹ ድምፅ ነው። ትልቅ ማጉያ የግድ አይደለም።

ገና ጀማሪ ከሆነ ደግሞ በግልጽ እንናገር፦ የቫልቭ ማጉያ አሁን አያስፈልገውም። ጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ትንሽ ዲጂታል ማጉያ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎረቤት አይረብሽም፣ የሚቀየር ቫልቭም የለውም። ልጁ ለአንድ ዓመት በየቀኑ ከተለማመደ በኋላ ተነጋገሩ። በአካባቢያችሁ ማትናስ ወይም ኮንሰርቫቶርዮን የቫልቭ ማጉያ ካለ መጀመሪያ እዚያ ይሞክረው።

አዲስ ወይስ ያድ ሽኒያ?

አዲስ ስትገዙ ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ዋጋው ከ400 ሼቄል በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢያንስ የአንድ ዓመት አሕራዩት ሊኖረው ይገባል። የአሕራዩቱን ወረቀት ከካባላው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ቫልቮቹ በአሕራዩቱ ውስጥ መካተታቸውን ለይታችሁ ጠይቁ፤ አንዳንድ አምራቾች ለቫልቭ የሚሰጡት ጊዜ አጭር ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከሱቅ የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ መብራት ከተሰካ በኋላ ተጠቅማችሁበታል ተብሎ እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ልጁ የራሱን ጊታር ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክር። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ከደረሳችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ያለ ምክንያት የተሰረዘ ከሆነ የሚቆረጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው ኦሊም ሐዳሺም በስልክ ወይም በጽሑፍ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው የገዙትን እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። አያት ለልጅ ልጃቸው በስልክ ሲገዙ ይህን መብት ያስታውሱ።

ከግለሰብ ስትገዙ ግን ይህ የሸማቾች ሕግ አይጠብቃችሁም። ሰውየው ነጋዴ አይደለም። እዚህ ጠባቂያችሁ ዓይናችሁና ጆሮአችሁ ናቸው። ሳታዩ በቢትም ሆነ በባንክ ቀብድ አትላኩ። ወደ ሻጩ ቤት ሄዳችሁ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «230» ወይም «220–240» ቮልት የሚል መሆን አለበት። «120» ወይም «110» ብቻ የሚል ከሆነ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ካልተጨመረለት እዚህ መሰካት አይቻልም፤ እሱም ተጨማሪ ወጪና ክብደት ነው። በተጨማሪም የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ ዕቃ ከሚገባው በላይ ይግላል። ዋጋው በጣም ካልረከሰ ተዉት።

ሁለተኛ፣ ሦስት እግር ያለው ሶኬት መሆኑን ተመልከቱ። አንደኛው እግር ትርፍ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስድ ነው። የተቆረጠ ወይም የተሸፈነ ከሆነ አትግዙ። ጊታረኛው በእጁ የብረት ክር ይዞ ነው የሚቆመው።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይጫወትበት። ብዙ ብልሽት የሚታየው ዕቃው ሲግል ነው። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ እናንተም ሌላ ቀን ተመለሱ።

አራተኛ፣ መብራቱ ቀነስ ባለ ክፍል ከጀርባ ቫልቮቹን ተመልከቱ። በመካከላቸው የምትታየው ብርቱካናማ ብርሃን ጤና ናት። ትልቁ የብረት ሰሌዳ ራሱ እንደ ፍም ከቀላ ግን ሕመም ነው፤ ወዲያው ይጥፋ። በብርጭቆው ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ አለ። ቅቡ ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል፣ ቫልቩ ሞቷል።

አምስተኛ፣ ጊታሩ ሳይነካ ምን ይሰማል? ቀለል ያለ እፍ የሚል ድምፅ የተለመደ ነው። ጠንካራ ጉርምርምታ፣ ፍንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ወይም እየጨመረ የሚሄድ ፉጨት ቴክናይ ሊያየው የሚገባ ነው።

ስድስተኛ፣ ልጁ ተሸክሞ ደረጃ ይውጣ። ቫልቭ ማጉያ በውስጡ ከባድ ትራንስፎርመሮች አሉት። አሳንሰር በሌለው ቤት አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

ዋጋውን ስታሰሉ ከማጉያው ሌላ ያለውንም አስቡ። ኃይል ሰጪዎቹ ቫልቮች ብዙ በሚጫወት ሰው እጅ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይደክማሉ፤ ትናንሾቹ ይበልጥ ይቆያሉ። ቫልቭ ዛሬ የሚሠራው በጥቂት አገሮች፣ በዋናነት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ከፍ ዝቅ ይላል። በታሽሉሚም የምትገዙ ከሆነ ወለድ እንዳለው ጠይቁ፤ ጠቅላላ ድምሩን በጽሑፍ አስደርጉ።

ከገዛችሁ በኋላ፦ ማስተካከል

ዕቃው ቤት ገብቶ ልጁ «ድምፁ አያምርም» ሊል ይችላል። ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት ማዞሪያዎቹን ያስተካክል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ማዞሪያዎች ለዩ። «ጌይን» የሚለው የመጀመሪያዎቹን ቫልቮች ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል፤ ይህ የድምፁን ሻካራነትና ርዝመት ይለውጣል። «ማስተር» ወይም «ቮልዩም» የሚለው በመጨረሻ ምን ያህል ጩኸት እንደሚወጣ ይወስናል። ልጅ ቤት ውስጥ ሲሆን ጌይኑን ሙሉ ከፍቶ ማስተሩን ይዘጋል። ያኔ የሚወጣው እንደ ንብ ቀፎ የሚጮህ ቀጭን ድምፅ ነው።

እንዲህ ይጀምር። ጌይን 3፣ ማስተር 2፣ ባስ፣ ሚድልና ትሬብል ሁሉም 5፣ ሪቨርብ 0። የጊታሩ የራሱ ድምፅ ማዞሪያ ሙሉ ይከፈት። አንድ የትዝታ ሐረግ በአንድ ክር ላይ ቀስ ብሎ ይጫወት። ከዚያ ጌይኑን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር። በለስላሳ ጣት ሲመታ ድምፁ ጥሩ ሆኖ፣ በጠንካራ ሲመታ መሻከር የሚጀምርበት ቦታ አለ። እዚያ ይቁም። ለሊድ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይበል፤ በብዙ ማጉያ 5 ወይም 6 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ የትዝታና የአምባሰል ውበት የሆነው የጣት ማርገብገብ በጫጫታው ይሸፈናል። አምስት ድምፆች ባሉት ቅኝት ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው መሰማት አለበት።

ቀጥሎ ሚድል ወደ 6 ወይም 7 ይውጣ። ይህ ለሊድ ጊታር ዋነኛው ምክር ነው። በባንድ ውስጥ ከታች ያለውን ድምፅ ቤዝና ከበሮ ይዘውታል፤ ከላይ ያለውን ጸናጽል ይይዘዋል። ለጊታርና ለዘፋኝ የቀረው መካከሉ ነው። ልጆች ብቻቸውን ሲጫወቱ ሚድሉን ወደ 2 ያወርዱታል፣ ድምፁም ትልቅ ይመስላቸዋል። ባንድ ውስጥ ሲገቡ ግን ጊታራቸው ይጠፋል። ከዚያ «ማጉያው ደካማ ነው፣ ትልቅ ግዙልኝ» ይላሉ። ሚድሉን ከፍ ማድረግ ግን ምንም አያስከፍልም።

ባስ ወደ 3 ወይም 4 ይውረድ፤ ጌይን ሲጨምር ወፍራሙ ድምፅ ይጨቀያል። ትሬብል 5 ላይ ይቆይ። «ፕረዘንስ» የሚል ካለ ዝቅ ይበል። ሪቨርብ፣ ማለትም የገደል ማሚቶ የሚመስለው፣ 2 ወይም 3 ይበቃል። ማጉያው መሬት ላይ ከሆነ ድምፁ የሚሄደው ወደ ልጁ ጉልበት ነው። ወንበር ላይ ይውጣ ወይም ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፤ ያኔ ልጁ አድማጭ የሚሰማውን ይሰማል።

በመጨረሻ በጊታሩ ላይ ያለውን ማዞሪያ መጠቀም ይልመድ። ሲያጅብ 6 ላይ ያድርገው፣ ድምፁ ይጠራል። ተራው ሲደርስ 10 ላይ ያድርገው፣ ድምፁ ይወጣል። በዚህ ብቻ አንድ ማጉያ እንደ ሁለት ይሠራል። ክራር በማጉያ የሚጫወት ልጅ ደግሞ ጌይኑን ዝቅ አድርጎ የጠራ ድምፅ ይፈልግ፤ የክራር ንዝር ሻካራነት ሲበዛበት ይጠፋል።

እናንተ ወላጆችም ክፍሉ ውስጥ ቁሙ። የማዞሪያውን ስም ባታውቁም ትዝታ ምን እንደሚመስል ከልጁ የበለጠ ታውቃላችሁ። «አሁን አለቀሰ፤ አሁን ግን ጮኸ ብቻ» ማለት ትችላላችሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሻጭ ይህን ሊነግረው አይችልም።

ደኅንነት፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

የቫልቭ ማጉያ በውስጡ ከ300 እስከ 450 ቮልት ድረስ ይይዛል። ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የተጠራቀመ ኃይል ይቆያል፤ ሰው ይገድላል። ልጁ በስልኩ ቪዲዮ አይቶ «እኔ እከፍተዋለሁ» ቢል አትፍቀዱ። ትልልቆቹ ቫልቮች ሲቀየሩም በብዙ ማጉያ ውስጥ የኃይሉ ልክ እንደገና መመዘን አለበት፤ ይህ የቴክናይ ሥራ ነው።

ድምፅ ማጉያው፣ ራምኮሉ፣ ሳይገናኝ ማጉያው በፍጹም አይከፈት። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ ውድ የሆነውን የመውጫ ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል። ተለያይቶ የሚመጣ ራምኮል ከሆነ በሁለቱም ላይ የተጻፈው የኦም ቁጥር፣ 4፣ 8 ወይም 16፣ አንድ መሆን አለበት።

«ስታንድባይ» የሚል ቁልፍ ካለ መጀመሪያ ኃይሉን ከፍቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቅ፤ ከዚያ ስታንድባዩን ይክፈት። በአገራችን የላላ ከበሮ ከመመታቱ በፊት እሳት ዳር ይሞቅ ነበር፤ እንጀራም በቀዝቃዛ ምጣድ አይጋገርም። ይህም እንደዚያው ነው። ከተጠቀመ በኋላ ሳይቀዘቅዝ አይሸከመው፤ የጋለ ብርጭቆ በቀላሉ ይጎዳል። ከጀርባው መጋረጃ አይጠጋ፣ በላዩ ውኃ ወይም ሻይ አይቀመጥ፣ ሕፃናትም አይንኩት፤ ቫልቮቹ ያቃጥላሉ። ፊውዝ ሲቃጠል ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ብቻ ይግባ። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ዕቃው «ታምሜያለሁ» እያለ ነው።

ጎረቤትና ጆሮ

በመኖሪያ አካባቢ ከ14:00 እስከ 16:00 እንዲሁም ከ23:00 ጀምሮ ሌሊቱን የዕረፍት ሰዓት ነው፤ በእነዚህ ሰዓታት ማጉያው አይከፈት። ከገዛችሁ በኋላ ከጎረቤታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል፤ «ልጃችን ከ17:00 እስከ 18:00 ይለማመዳል» ብሎ መናገር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ከጎረቤት በላይ የልጁ ጆሮ አለ። ጆሮ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ያህል ይችላል ተብሎ ይገመታል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በትንሽ ክፍል ውስጥ የ15 ዋት ቫልቭ ማጉያ ያን መጠን በቀላሉ ያልፋል። ከልምምድ በኋላ ጆሮው ጭው ካለበት ማስጠንቀቂያ ነው። የጆሮ መድፈኛ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ያጡት ጆሮ ግን አይገዛም።

መጫወት ሥራ ሲሆን

አንዳንዱ ልጅ በማጉያው ገንዘብ ማግኘት ይጀምራል፤ ሠርግ፣ ባር ሚጽቫ፣ የማትናስ ዝግጅት። ያኔ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ሥራ ነው። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ የወጣቶች የሥራ ሕግ ይመለከተዋል፤ በተለይ በሌሊት ሰዓት ላይ ገደብ አለ፣ ሠርግ ደግሞ የሌሊት ነው። ቀጣሪ ካለው ትሉሽ ይገባዋል። «ኋላ እሰጥሃለሁ» በሚል ቃል ብቻ አይሂድ። ዋጋው፣ ሰዓቱና መጓጓዣው በስልክ መልእክት ይጻፍ፤ ያ በኋላ ማስረጃ ይሆናል። ካደገ በኋላ በራሱ የሚሠራ ከሆነ ዖሴክ ፓቱር ስለመክፈት ይጠይቅ፤ የማጉያውን ካባላም አይጣል፣ የሥራ መሣሪያ ወጪ ሊሆን ይችላልና።

ሌላም መንገድ አለ። በመጫወት የማይተዳደር ልጅ በድምፅ ቴክኒክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሊተዳደር ይችላል። ማጉያ የሚወድ ልጅ በትምህርት ቤቱ የኤሌክትሮኒክስ መግማ ካለ አማካሪውን ይጠይቅ። ዕቃውን በራሱ መክፈት የሚፈልግ ልጅ መክፈት የሚማርበት ትክክለኛው ቦታ እዚያ ነው።

በመጨረሻም

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ቮልት ነው? ስንት ዋት ነው? የት ሊጫወትበት ነው? ቫልቮቹ መቼ ተቀየሩ? አሕራዩቱ ቫልቮቹን ይጨምራል? በአካባቢው የሚጠግን ማን ነው? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ይሆናል? ለእነዚህ ሰባት ጥያቄዎች መልስ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ።

ከላይ የጠቀስናቸው አባት ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና መጡ። ከልጃቸው ጋር ሌላ ማጉያ ሊያዩ ሄደው ነበር፤ አነስ ያለ፣ 5 ዋት። ልጁ ጊታሩን ሊሰካ ሲል «ቆይ» አሉት፤ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። «230 ይላል» አሉ። «አሁን ሰካው።» ልጁም እስኪሞቅ ድረስ አብሯቸው ጠበቀ።

መልካም ግዢ ይሁንላችሁ።